የካነን 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ሌንስ፦ በድሬዳዋ አንድ ቢራቢሮን ከወቅት ወደ ወቅት ለሚከታተል ሰው

ካነን ኢኤፍ 100 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ማክሮ ዩኤስኤም የተባለው፣ ትንንሽ ነገሮችን ከቅርብ አጉልቶ ለማንሣት የተሠራው ሌንስ በአውሮፓውያኑ 2000 ገበያ ላይ ከዋለ ጀምሮ ነፍሳትን ፎቶ ማንሣት ለሚፈልጉ ሰዎች በተደጋጋሚ ሲመከር ቆይቷል። በምክሩ እስማማለሁ፤ ለምክሩ በሚሰጠው ምክንያት ግን አልስማማም። ሌንሱን የሚያሞግሱ ሰዎች ለማስረጃ የሚያቀርቡት ሥዕል ብዙውን ጊዜ አበባ ላይ አርፎ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ ነው። በድሬዳዋ ከተማና በዙሪያዋ አንድ የተለመደ የቢራቢሮ ዝርያን በበጋም፣ በበልግም፣ በክረምትም በዚህ ሌንስ ስከታተል ከቆየሁ በኋላ የደረስኩበት ፍርድ ግን ሌላ ነው። ክንፍ የዘረጋ ቢራቢሮን ለማንሣት ብቻ ይህን ሌንስ መግዛት አያስፈልግም፤ ሌንሱ ዋጋውን የሚያወጣው ቢራቢሮው ገና ክንፍ ሳያወጣ፣ በእንቁላልና በአባጨጓሬ እንዲሁም አባጨጓሬው መብላቱን አቁሞ ተንጠልጥሎ በሚለወጥበት በፑፓ ደረጃ ላይ ሳለ ነው።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። ሌንሱ 600 ግራም ይመዝናል፤ ርዝመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን በውስጡ በስምንት ምድብ የተደረደሩ 12 መስታወቶች አሉት። ፊቱ ላይ 58 ሚሊ ሜትር ፊልተር ይቀበላል። ፎከስ የሚያደርገው በውስጡ ስለሆነ ቅርብ ሲያይም ሩቅ ሲያይም ርዝመቱ አይለወጥም፤ ይህም ቅጠል ለቅጠል ተጠግቶ ለሚሠራ ሰው ትልቅ ጥቅም ነው፤ ምክንያቱም ሌንሱ ወደ ፊት ወጥቶ ቅርንጫፉን ገፍቶ ነፍሳቱን አያባርርም። ብርሃን ተቀብሎ ሥዕሉን ከሚይዘው የካሜራው ሴንሰር 31 ሳንቲ ሜትር እስኪቀር ድረስ ቀርቦ ማየት ይችላል፤ በዚያ ርቀት የሚነሣው ነገር ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው በእውነተኛ መጠኑ ነው፤ 1 ለ 1 የሚባለውም ይኸው ነው። እኔ የምጠቀምበት ካሜራ ካነን 700ዲ ሲሆን ሴንሰሩ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በ1 ለ 1 ፍሬሙን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላው ነገር 22.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ርዝመት ያለው ነው። አንባቢ ይህን ቁጥር እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ነገር ከእርሱ የሚነሣ ነውና።

የምከታተለው ቢራቢሮ በሳይንሳዊ ስሙ ዳናውስ ክሪሲፐስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ካርል ሊኔየስ በአውሮፓውያኑ 1758 ነው። በአፍሪካና በእስያ ሰፊ ክፍል የሚገኝ ብርቱካናማ ቢራቢሮ ነው፤ የድሬዳዋ ልጅ ስሙን ባያውቅ እንኳ መልኩን በግቢው ወይም በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አይቶታል። ክንፎቹ ሲዘረጉ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። አባጨጓሬው ከሚበላው ተክል መራራና መርዛም ንጥረ ነገር ወደ ሰውነቱ ሊያስቀር ስለሚችል ወፎች አይደፍሩትም፤ እርሱም ይህን የሚያውቅ ይመስል ዝቅ ብሎ ቀስ እያለ ይበራል። ለጀማሪ ፎቶ አንሺ ከዚህ የተሻለ ቢራቢሮ ማግኘት ይከብዳል።

የሚራባበት ዋናው ተክል ጦቢያው ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ካሎትሮፒስ ፕሮሴራ የሚባለው ወተታም ቁጥቋጦ። ደቻቱ በተባለው ከተማዋን በሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ዳርና ዳር፣ በሳቢያን ሰፈር ገና ቤት ባልተሠራባቸው ቦታዎች፣ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ አመድማ ሰፋፊ ቅጠሎቹን ዘርግቶ ቆሞ ይታያል። ፍየሎች እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ትተውት ያልፋሉ። ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ በዙሪያው ያለው ሣርና ቁጥቋጦ ሁሉ በደረቀበት ወር እርሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ስለዚህም ቢራቢሮው በድሬዳዋ ዓመቱን ሙሉ እንቁላሉን የሚጥልበት ቅጠል አያጣም። አንድን ዝርያ በየወቅቱ ለመከታተል ያሰበ ሰው ከቤቱ በእግር ሊደርስበት የሚችል አንድ ሁለት ጦቢያው መርጦ እነዚያኑ ደጋግሞ ቢጎበኝ ሩቅ አገር ከመዞር የበለጠ ያያል።

ወደ ክንፍ ያለው ቢራቢሮ ስንመጣ፣ ሌንሱ ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል አለው። ከካሜራው ጋር አብሮ ይሸጥ የነበረው ተራው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሆነው ኤስቲኤም ሌንስ እስከ 0.36 እጥፍ ድረስ ያጎላል፤ ይህም 62 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን ነገር ፍሬሙን ይሞላል ማለት ነው። ክንፉን የዘረጋው ዳናውስ ከዚህ ስለሚሰፋ በተራው ሌንስም ቢሆን ፍሬሙን አልፎ ይሄዳል። እንግዲህ ልዩነቱ በማጉላት አይደለም፤ በርቀት ነው። ተራው ሌንስ ያን ያህል ለማጉላት ቢራቢሮው አፍንጫ ሥር መድረስ አለበት። የማክሮው ሌንስ ግን ተመሳሳዩን ሥዕል ከሌንሱ ፊት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ያነሣዋል፤ የፎቶ አንሺው ጥላም አበባው ላይ አያርፍም። ይህ ምቾት እንጂ ግዴታ አይደለም። ትዕግሥት ያለው ሰው በማለዳ ከወጣ በተራው ሌንስም የሚያኮራ ሥዕል ያገኛል።

በማለዳ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ድሬዳዋም ቢሆን ንጋቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ቢራቢሮውም ለመብረር የሚያስፈልገውን ሙቀት እስኪያገኝ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ክንፉን ለፀሐይ ዘርግቶ ይቀመጣል። በሌንሱ ጎን ላይ ካሉት መቀያየሪያዎች አንዱን አውቶ ፎከሱ ከ48 ሳንቲ ሜትር ወዲያ ብቻ እንዲፈልግ አድርጎ መሥራት የሚገባው በዚህ ሰዓት ነው። ይህ መቀያየሪያ ካልተነካ አውቶ ፎከሱ ዒላማውን ሲስት ከ31 ሳንቲ ሜትር እስከ አድማስ ድረስ ሄዶ ሲመለስ ቢራቢሮው ተነሥቶ ይሄዳል። አመሻሽ ላይ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ብዙዎቹ ተሰባስበው በዝቅተኛ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ክንፋቸውን ገጥመው ያድራሉ፤ ብርሃኑ ለስላሳ ስለሆነና እነርሱም ስለማይንቀሳቀሱ ከቀኑ ሁሉ የተሻለው ሰዓት ይህ ይመስለኛል።

ከሥዕሉ ውበት ባሻገር መረጃ መሰብሰብ ለሚፈልግ ሰው ግን ማክሮው እዚህም ላይ አንድ ጥሩ ነገር ያደርጋል። ወንዱ በኋላ ክንፉ መሐል አካባቢ ካሉት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ጋር አንድ ተጨማሪ ምልክት አለው፤ ይህም ጠረን የሚይዝበት ትንሽ ኪስ ነው። ሴቷ ይህ ኪስ የላትም። ስለዚህ ወንድ አራት፣ ሴት ሦስት ነጠብጣብ ታሳያለች። ይህን በዓይን ለመለየት መቅረብ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ሌንስ በሚወጣ ጥርት ያለ ሥዕል ላይ ግን ቤት ተቀምጦ ይቆጠራል። ነገሩ ተራ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ በዚህ ዝርያ ውስጥ ስፓይሮፕላዝማ የተባለ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍና ወንዶቹን ገና ከጅምሩ የሚገድል ባክቴሪያ ይገኛል፤ በዚህም የተነሣ ሴቶች እጅግ የሚበዙባቸው አካባቢዎች ተመዝግበዋል። በከተማችን ያለው የወንድና የሴት ድርሻ ምን እንደሚመስል በየወሩ በሥዕል መመዝገብ ለሚችል ሰው ይህ ጥሩ ሥራ ነው።

ክንፉም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዱ መልክ የፊት ክንፉ ጫፍ ጥቁር ሆኖ በነጭ መቀነት የተሻገረ ነው። ሁለተኛው፣ ዶሪፐስ የሚባለው፣ ጥቁሩም ነጩም ጠፍቶለት ክንፉ ወጥ ብርቱካናማ ነው፤ በደረቁ የምሥራቅ አፍሪካ ቆላ የሚዘወተረው እርሱ ነው። ሦስተኛው፣ አልሲፐስ የሚባለው፣ የኋላ ክንፉ ነጭ ነው። ምሥራቅ አፍሪካ እነዚህ መልኮች የሚገናኙበትና የሚዳቀሉበት ቀጠና በመሆኑ መሐል ለመሐል የሆኑም ይወለዳሉ። በዚህ ላይ አስመሳይ አለ፦ ሃይፖሊምናስ ሚሲፐስ የተባለው የሌላ ዝርያ ሴት መርዝ ሳይኖራት የዳናውስን መልክ ለብሳ ትዞራለች። የምትለየው በኋላ ክንፏ ላይ ጎላ ያለ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ስላላት ነው። በስልክ ከሩቅ የተነሣ ሥዕል ላይ ይህ ልዩነት ይጠፋል።

አሁን ሌንሱ ወደተሠራለት ሥራ እንመጣለን። ሴቷ እንቁላሏን አንድ በአንድ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቅጠሉ ሥር ትለጥፋለች። እንቁላሉ የጤፍ ቅንጣት የሚያክል፣ ቁመቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከላይ ወደ ታች በቀጫጭን መስመሮች የተሰነተረ ነው። ተራው ሌንስ እንቁላሉን ነጭ ነጥብ ብቻ አድርጎ ያሳየዋል። ማክሮው በ1 ለ 1 መስመሮቹን ያወጣቸዋል፤ ሊፈለፈል ሲል ጫፉ ላይ የሚታየው የአባጨጓሬው ጥቁር ራስም በግልጽ ይለያል። የ700ዲ ሥዕል ወርዱ 5184 ፒክሰል ስለሆነ በ1 ለ 1 አንድ ሚሊ ሜትር 232 ፒክሰል ይይዛል። በሌላ አነጋገር እንቁላሉ ከትልቁ ሥዕል ላይ የሚይዘው ቦታ ጠባብ ነው፤ ለመመዝገብና ስክሪን ላይ ለማየት ይበቃል፤ አትሞ ግድግዳ ላይ ለመስቀል አይበቃም። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሰው ሬይኖክስ ዲሲአር 250 የተባለውን በሌንሱ ፊት በመቆንጠጫ የሚገጠም ባለ 8 ዳዮፕተር ማጉያ መጨመር ይችላል፤ ከ52 እስከ 67 ሚሊ ሜትር የፊልተር ጥርስ ላይ ስለሚይዝ ለዚህ ሌንስ ልክ ነው።

በዚህ ርቀት ሁለት ነገሮች ይከብዳሉ። አንደኛው ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት ነው፤ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 11 አጥብበውት እንኳ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ኤፍ 16ን ያለፈ ሰው ደግሞ ውፍረቱን ሲያተርፍ ጥራቱን ይከስራል። ሁለተኛው ብርሃን ነው፤ ማንኛውም ሌንስ 1 ለ 1 ሲደርስ ወደ ሁለት እርከን የሚጠጋ ብርሃን ያጣል (አንዱ እርከን ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል)፤ በላዩ ላይ ኤፍ 2.8 ተብሎ የተጻፈው በዚያ ርቀት ተስፋ እንጂ እውነት አይደለም። በአውቶ ፎከስ መታገል እዚህ ላይ ከንቱ ነው። ፎከሱን በእጅ አድርጎ፣ መጠኑን ወስኖ፣ ስክሪኑን ወደ ላይ አዙሮ፣ ምስሉን አሥር እጥፍ አጉልቶ፣ ከዚያም ካሜራውን በጥቂቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ እንቁላሉ ሲጠራ መጫን ነው። የፎከሱ ቀለበት ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ትንሽ ሲነካ ትንሽ ይሄዳል፤ ለዚህ አሠራር ከማውቃቸው ሌንሶች ሁሉ የተስማማኝ ነው።

አባጨጓሬው ግን የዚህ ሌንስ እውነተኛ ጓደኛ ነው። ሲፈለፈል የገዛ እንቁላሉን ቅርፊት ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ቆዳውን አራት ጊዜ እየጣለ አምስት ደረጃዎችን አልፎ እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ቀለበቶች አሉት፤ በጀርባው ላይም ሦስት ጥንድ ጥቁር ሥጋማ ቀንዶች ይታያሉ፤ በአሜሪካ የሚገኘው ሞናርክ የተባለው ዘመዱ ያለው ሁለት ጥንድ ብቻ ነው። እነዚህ ቀንዶች በመጀመሪያው ደረጃ ለዓይን አይታዩም፤ ሌንሱ ግን እንደ ጉብታ ሆነው ሲጀምሩ፣ ከዚያም በየደረጃው ሲረዝሙ ያሳያል። ትልልቆቹ አባጨጓሬዎች ከመብላታቸው በፊት የቅጠሉን ጅማት ነክሰው የወተቱን ፍሰት ይቀንሳሉ፤ ይህን ተከታታይ ሥዕል አድርጎ ለማንሣት ከሌንሱ ፊት እስከ ቅጠሉ የሚቀረው 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ በቂ ነው፤ አባጨጓሬው አይደናገጥም፤ ብርሃንም ከጎን ይገባል።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ሌንሱ መለኪያ ሆኖ ማገልገሉ ነው። በላዩ ላይ ባለው መስኮት ከርቀቱ ጋር የማጉላት መጠኑም ተጽፏል። ቀለበቱን 1 ለ 2 ላይ አቁሞ ካሜራውን ብቻ በማንቀሳቀስ ያነሣ ሰው፣ ፍሬሙ በሙሉ 44.6 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ሚሊ ሜትሩም 116 ፒክሰል መሆኑን ስለሚያውቅ፣ አባጨጓሬውን ሳይነካ ቤቱ ገብቶ በኮምፒውተር ርዝመቱን ማውጣት ይችላል። በየቀኑ ያንኑ ቅጠል ያንኑ መጠን ይዞ ማንሣት ነው። በግንቦት ሙቀት የተነሡትን ሥዕሎች በታኅሣሥ ከተነሡት ጋር ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው የዕድገቱ ፍጥነት ልዩነት ወለል ብሎ ይታያል። ነፍሳት የሰውነታቸው ሙቀት ከአካባቢያቸው ጋር ስለሚሄድ በሞቃት ወር እንቁላሉ በሦስትና በአራት ቀን ሲፈለፈል፣ አባጨጓሬው ደግሞ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ሊጠናቀቅ ይችላል፤ በቀዝቃዛው ወር ሁሉም ይዘገያል። ይህን በመጽሐፍ ማንበብና በራስ ሥዕል ላይ በሚሊ ሜትር ማየት አንድ አይደለም።

ጦቢያው ላይ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር መጠንቀቅ አለበት። ቅጠሉ ሲቀነጠስ የሚፈሰው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ የዓይንን ጥቁሩን ክፍል የሚሸፍነውን ብሌን ይጎዳል፤ እይታንም ያደበዝዛል። ቅጠል የያዘ እጅ ዓይንን፣ የካሜራውንም የማያ ቀዳዳ መንካት የለበትም። ውኃና ፎጣ መያዝ ግዴታ ነው። ወተቱ ሌንሱ ላይ ቢፈናጠቅ ተጣብቆ ስለሚደርቅ፣ በፊቱ ላይ ርካሽ የሆነ ባለ 58 ሚሊ ሜትር ጥርት ያለ ፊልተር ማሰር እመክራለሁ፤ ፊልተር ጥራት ይቀንሳል የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ አይሠራም።

ስለ ፑፓው ብዙ የምለው የለኝም፤ አይንቀሳቀስምና ለማንሣት ብዙ አያስቸግርም። አረንጓዴ ወይም ሐመር ሮዝ ሆኖ ተንጠልጥሎ ወርቃማ ነጠብጣቦቹን ያብረቀርቃል፤ ሊወጣ ሲል ሽፋኑ ስለሚሳሳ የክንፉ ብርቱካናማ ቀለም ከውስጥ ይታያል። እነዚያን ነጠብጣቦች ሳነሣ አንድ የሳቢያን መንገደኛ ቆም ብሎ «አቦ፣ ወርቅ አገኘህ እንዴ?» ብሎኛል፤ ስክሪኑን ሳሳየው ጥያቄው ያን ያህል ከእውነት የራቀ አለመሆኑን እርሱም አየ።

ከወቅቶቹ ሁሉ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ያለው ጊዜ፣ መስከረምና ጥቅምት ነው። አበባ ሞልቷል፤ የወፍ ቆሎው በአጥር ላይ ያብባል፤ ቢራቢሮውም ይበዛል፤ አቧራ ተቀምጧል፤ ብርሃኑ ጥርት ያለ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የበልጉ ዝናብ ጥሩ ከሆነ ያው ነገር በአነስተኛ መጠን ይደገማል። ግንቦትና ሰኔ ከባዶቹ ወራት ናቸው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ቅጠሉን ነጭ አድርጎ ያቃጥለዋል፤ የቅጠሉ ሥር ደግሞ ጨለማ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣል። በእነዚህ ወራት ነጭ ነጠላ በቅጠሉ ላይ ዘርግቼ ጥላ እሠራለሁ፤ ብርሃኑን በትኖ ያለሰልሰዋል፤ ከብዙ ውድ መሣሪያ ይሻላል። የካሜራው የራሱ ፍላሽ በ1 ለ 1 አይረዳም፤ ሌንሱ ረጅም ስለሆነ ጥላውን በአባጨጓሬው ላይ ይጥላል። ከካሜራው ተለይቶ የሚበራ ፍላሽ ያለው ሰው በነጭ ወረቀት ሸፍኖ ከጎን ማብራት ይችላል።

በሐምሌና በነሐሴ ደቻቱ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ አይገባም። ሰማዩ በድሬዳዋ ላይ ጥርት ብሎ እያለ በደንገጎ በኩል ባለው ደጋ የዘነበው ጎርፍ ሳይታሰብ ይደርሳል፤ የ1998ቱን የክረምት ጎርፍ የከተማዋ ሰው አይረሳውም። በአሸዋው ላይ ያለው ጦቢያው ይቅርና በዳርቻው ያለው ይበቃል። በተጨማሪም በባቡር ጣቢያው፣ በአውሮፕላን ማረፊያውና በድልድዮች አካባቢ ረዘም ያለ ሌንስ ይዞ ወደ ቁጥቋጦ ማነጣጠር ጥያቄ ያስነሣል፤ ቀድሞ ማስፈቀድ ክርክርን ያስቀራል።

ወደ ሐረር የወጣ ሰው ሌላ ነገር ያያል። ሐረር 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሽቅብ ሲወጡ ጦቢያው እየሳሳ ይሄዳል። ቢራቢሮው ግን በዚያም ከጦቢያው ጋር አንድ ቤተሰብ የሆኑትን፣ በተለይ ጎምፎካርፐስ የተባለውን ቀጭን ቅጠልና የተነፋ ፍሬ ያለውን ተክል ይጠቀማል። የጎምፎካርፐስ ቅጠል ጠባብ ስለሆነ ነፋስ በቀላሉ ያወዛውዘዋል፤ ሌንሱም የሚፈተነው እዚያ ነው።

ወደ ጉድለቶቹ ልግባ። ሌንሱ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚከላከል ሥርዓት የለውም። በአውሮፓውያኑ 2009 የወጣው ኤል የሚል ፊደል የተጨመረበት ታላቅ ወንድሙ ይህን ሥርዓት ይዟል፤ ኩባንያው በሩቅ ርቀት አራት እርከን፣ በ1 ለ 1 ሁለት እርከን ያህል ይረዳል ይላል። ሥርዓቱ የሚያረጋው ግን እጅን እንጂ ቅጠልን አይደለም፤ የድሬዳዋ ነፋስ ጦቢያውን ሲያወዛውዘው ሁለቱም ሌንሶች እኩል ይቸገራሉ። መፍትሔው የሸተር ፍጥነቱን ቢያንስ ወደ 1/250 ሰከንድ ማድረስ፣ አይ ኤስ ኦውን ማለትም ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን ንቃት እስከ 800 መፍቀድና ቅርንጫፉን በቀጭን ዱላና በገመድ ማሰር ነው። ኤሉን የሚያስመርጠኝ ሌላ ነገር ነው፤ አቧራና እርጥበት የሚከላከል ማሸጊያ አለው፤ ይህኛው የለውም። በእኛ ከተማ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ሌንሱን ከካሜራው ላይ ሜዳ ላይ አለመፍታት፣ ከሥራ በኋላም በተዘጋ ከረጢት ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ኢቲ 67 የተባለው የፀሐይ መከላከያው ለብቻው የሚሸጥ መሆኑ ያበሳጫል፤ በጠራራ ፀሐይ አገር ያለ እርሱ የሥዕሉ ቀለም ይደበዝዛል። በ1 ለ 1 ሲሠራ ግን ማውለቅ ይሻላል፤ ካለው 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቀማልና። በትራይፖድ ላይ ሌንሱን ራሱን የሚይዘው ቀለበትም እንዲሁ ለብቻው ነው፤ እኔ ሳልገዛው ቀርቻለሁ፤ ካሜራውን በቀጥታ ማሰር በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ትራይፖዱ ግን እግሮቹ ወደ መሬት ተዘርግተው ዝቅ የሚሉ መሆን አለባቸው፤ ታይዋን በተባለው የከተማችን ገበያ በርካሽ የሚገኙት ብዙዎቹ መሐላቸው በድጋፍ ስለተያያዘ ከጉልበት በታች አይወርዱም።

በስልክ ላይ የሚቆነጠጡትን ትንንሽ ማክሮ ሌንሶች በተመለከተ፣ ለእንቁላልና ለፑፓ ያገለግላሉ። ነገር ግን ከቅጠሉ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቀው ስለሚሠሩ ብርሃኑን ይጋርዳሉ፤ ቅጠሉን ሲነኩም አባጨጓሬው ራሱን ጠቅልሎ ይወድቃል። መለኪያ ሆነው ማገልገልም አይችሉም።

ሌንሱን እኔ የገዛሁት ያገለገለውን ነው፤ ለሌላውም ይህንኑ እመክራለሁ፤ መስታወቱ ዕድሜ አይቆጥርም። መስታወት አልባ የሆነውን አዲሱን የካነን አር ካሜራ የያዘም ሰው በኩባንያው ማገናኛ ቀለበት ሊጠቀምበት ይችላል። ሲገዙ በስልክ መብራት ከኋላ እያበሩ በመስታወቶቹ መሐል የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ መኖር አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል፤ ከባሕር ዳርቻ አካባቢ የመጣ ዕቃ ላይ ይህ አያስገርምም። ካሜራው ላይ አስገብተው ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 16 አጥብበው ደጋግመው በማንሣት ቀዳዳውን የሚያጠብቡት ስምንቱ ምላጮች እኩል መዘጋታቸውን ይፈትሹ፤ የ48 ሳንቲ ሜትሩን መቀያየሪያ ወዲያና ወዲህ አድርገው አውቶ ፎከሱ መታዘዙን ይመልከቱ፤ በመጨረሻም ቀለበቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ አዙረው አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ከሰሙ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ አይግዙት።